ባዶው ጥቅልል

ጉም ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሲውጥ
ቁልፌን ይዤ እወርዳለሁ፣ ምድር ቤት፣ ወደ አይጥ።
አርባ ስምንት ነፍስ፣ አሥራ ሁለት ሣጥን፤
ውሃ እቀይራለሁ፣ ሰጋቱራ አነጥፋለሁ፣
በጓንት አነሳለሁ አንድ በአንድ ሁሉን፤
ክብደት በግራም፣ ዕጢ በሚሊሜትር፣
በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ከቁጥር ሥር ቁጥር።

ስም ማውጣት ክልክል ነው፤ ይህን ጦይባ ድሮ፣
ገና ስቀጠር ነግራኛለች። ግን ቁጥርም አለው ጆሮ፦
«አሥራ አራት» ስል አንዱ ቀና ይላል፣
ጢሙ ይርገበገባል፣ የጠራሁት መስሎታል።
ጠርቼውስ እንደሆን?

ሙከራው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ጨረር ይሞቃል፤
ሁለተኛው በመዳብ ጥቅልል ውስጥ፣ በማይታይ ማግኔት ይታጠባል፤
ሦስተኛው ሁለቱንም፣ አንዱን በአንዱ ላይ።
አራተኛውም ጥቅልል ይገባል፣ ከሌሎቹ ሳይለይ፤
መዳቡ ያው መዳብ፣ ሰዓቱም ያው ሰዓት፣
ማብሪያው ብቻ አይነካም። ምንም የለበት።
ጦይባ «ማነጻጸሪያ» ትለዋለች።
እኔን ግን ትዝ የሚለኝ፣ ባየሁት ቁጥር፣
ጸበል መስሎት ሸሚዙን አውልቆ
ከደረቀ ቧንቧ ሥር የቆመ ሰው ነው፣ ውሃውን ጠብቆ።

አሥራ አራት ቁጥር የባዶው ነው።

እህቴ ሉባባ ከሐርቡ መጥታ እኔ ጋ ከርማለች።
ጡቷ ሥር ያለውን በሚሊ አታውቀውም፣ በእህል ትለካለች፦
አምና በሐምሌ ምስር፣ ለመውሊድ ሽምብራ፣
ዘንድሮ ባቄላ። ከዚያ ወዲያ ስም የለው፤ አትጠራው፣ አልጠራ።
ለጨረር ወረፋ ይዛለች፤ «ይደወልልሻል» ተብላ
ስልኳን ሶኬት ላይ ሰክታ ታያለች፣ ስትበላም ሳትበላ።

ማታ ስገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፦
«ወላሂ በል ሙህዬ፣ ከአይጦችህ የዳነ አለ?»
«አይጥ ሰው አይደለም» እላለሁ፣ የጦይባን ቃል ተውሼ።
«እሱንማ አውቃለሁ» ትላለች፣
«አይጥ ወረፋ አይጠብቅም።»

ሐሙስ ሌሊት መብራት ጠፋ።
የጥቅልሎቹ ጉርምርምታ ቆመ፤ ጸጥታው ከድምፁ ከፋ።
አርባ ስምንት አፍ ሰጋቱራ ሲያኝክ ሰማሁ፤
የቱ የጨረር ነው፣ የቱ የማግኔት፣ ጨለማው አይለይም፤
ለሁለት ሰዓት ሁሉም የባዶው ነበሩ።

መብራቱ ሲመጣ እጄ በራሱ ሄደ፣
አራተኛው ማብሪያ ላይ አረፈ፤ የጣቴ ጫፍ ራደ።
አንድ ሰዓት ብቻ፣ ለአሥራ አራት ብቻ፣ ማን ያየኛል?
ግን ያድነው እንደሆን ማን አየ? ያሳብጠውስ እንደሆን ማን ያውቃል?
ይህ ሁሉ መዳብ የተጠመጠመው
ባናውቅ አይደል?
እጄን ኪሴ ከተትኩ። መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦
«ከስድስት እስከ ስምንት፣ መስክ የለም።»

ጠዋት አሥራ አራትን ለካሁ፦ ዘጠኝ ነጥብ አንድ።
ባለፈው ነጥብ አራት ነበር። ጎደለ እንዴ?
ያለ ጨረር፣ ያለ ማግኔት፣ በባዶ ገመድ?
«ድገመው» አለች ጦይባ፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።
ደገምኩ፤ ነጥብ አምስት። ሠለስኩ፤ ነጥብ ሁለት።
«የእጅህ ነው፣ የዕጢው አይደለም። አማካዩን ጻፍ።»
ጻፍኩ። የመጀመሪያዋን ግን አልደመሰስኳትም፤
ከገጹ ዳር ቆማለች፣ በእርሳስ፣ ብቻዋን።

ለሉባባ ነገርኳት። መንገር አልነበረብኝም።
«ከየትኛው ረድፍ ነው?»
«ከባዶው።»
ሳቀች፤ ጎኗን ይዛ፣ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።
«እንግዲያ እኔም እዚያው ነኛ!» አለች፤
ስልኳን ነቅላ አየችው፣
መልሳ ሰካችው።